አርባ አንደኛው ገጽ

ማሬት ሦስት ዓመት ጉልበት ስትመዝን፣
የሂውማ ደሴት አዛውንትን ትንፋሽ ስትተምን
ከርማ፣ ጥናቷን ታሊን ወሰደች፤ አርባ ገጽ፣ ባለ ቀለም።
«ግሩም ነው» አሉ ሹሙ፣ «ግን ዘንድሮ አይደለም።»

ቅዳሜ፣ ከደሴቱ ቤተ መጻሕፍት ጓዳ፣
ዘጠኝ አሮጊቶች ካፖርት ሳያወልቁ
ቀይዋን መስመር አዩ፣ ግድግዳው ላይ ወርዳ።

ሄልዩ በከዘራዋ ቁልቁለቱን ጠቆመች፤
«የወረደችበትን ዓመት አውቀዋለሁ፤
ከፌርማታው ላይ አግዳሚውን ነቀሉት፤
መሐል ማረፊያ የለ፣ ሱቅ መሄድ ተውኩ። ምን እላለሁ?
ይህንንማ በነጻ እነግርሽ ነበር» ብላ ሳቀች።

ማሬት አንድ ገጽ ጨመረች፣ አንዲት ቃል ያለባት።
ሰኞ የሹሙን ደጅ ልትጠና ስትሄድ፣
ከኮሪደሩ ባዶ ወንበሮች በረድፍ
ጠበቋት።