አስራ አንድ ደቂቃ

ኮዬ ፈጬ ጫፍ ላይ፣ ከብሎኩ ምድር ቤት፣
በአንድ ወገን ሲሚንቶ፣ በአንድ ወገን ፎቶ ቤት፤
ኢዮስያስ የሚባል ልጅ ትቶት ከሄደው ወንበር
ተቀመጥኩ፤ ኮምፒውተሩ የእሱን እጅ ይናገር ነበር።

ግራኝ ኖሯል ለካ፤ ማውሱ በግራ በኩል፣
አቋራጭ ቁልፎቹ ከቀኝ እጁ እኩል።
መቁረጫው ከታች ነው፣ ብሩሹ ከሰማይ፣
ማጥፊያው እንደ ጨው ዕቃ ከሁሉም ፊት የሚታይ።
ኤፍ ሁለትን ብጫን፣ የማላውቃት ሴት
ነጣች እንደ ኖራ፣ እንደ አዲስ ልስን ቤት።
"ቀላ አርገኝ" ለሚለው፣ ለዚያ ለዘወትር አባዜ፣
ቁልፍ መድቦለታል፤ ለመቆጠብ ጊዜ።

እዚህ ደግሞ ጊዜ ሌላ ነው ትርጉሙ።
መብራት እልም ሲል ከእግሬ ሥር ጥቁሩ ሳጥን
ጢ... ጢ... ይላል። ባትሪው አርጅቷል።
አስራ አንድ ደቂቃ ይሰጠኛል፤
ከዚያ ሙሽራዋም፣ ሚዜዋም፣ ኬኩም፣
ሴቭ ያላልኩት ሁሉ፣ የለም።

ስለዚህ ቅዳሜ ማታ፣ ደንበኛ ሲሳሳ፣
እንደ ሰው ጓዳ ገብቼ ዕቃውን ሁሉ ሳነሳ፣
ከእጄ ጋር አስማማሁት። መቁረጫውን አንደኛ፣
ቀጥሎ ማብሪያውን (የኛ ቤት ብርሃን ነው መከረኛ፣
አምፑሉ ሰዉን ሁሉ አረንጓዴ ያወጣል)፣
ከሥሩ ማከሚያውን። ብጉር ይነሣል፣
ጠባሳ ይቆያል፤ ይሄ ነው የእኔ ደንብ፤
ብጉር እንግዳ ነው፣ ጠባሳ ባለቤት።
ሌየሮቹን ስም ሰጠሁ፦ "ሰማይ"፣ "ፊት"፣ "ነጠላ"፤
ኢዮስያስ "ሌየር አርባ ሁለት" እያለ ይፈልግ ነበር መላ።
ማንጫውን ግን ከሦስት ሜኑ ጀርባ ወረወርኩት፤
የፈለገ ይጠብቅ፣ ሐሳቡን ይለውጥ እንደሁ፣ ብዬ ተውኩት።
ማደብዘዣውንም ከእሱ ጋር ደረብኩት፤
ምን ያደርግልኛል?
ሰው ጠርቶ ለመታየት ነው የሚከፍለን።

በሳምንቱ ጋሽ ዘርጋው ሰዓታቸውን አይተው፣
"አንቺ ልጅ፣ ወይ ቸኩለሻል፣
ወይ ያ ልጅ ሲያንቀላፋ ኖሯል" አሉ።

ማክሰኞ ኦቦ ጅማታ መጡ።
በልጃቸው ስልክ የተነሱት ፎቶ፦
ካፖርት፣ በትር፣ ከኋላ ብሎኩ።
"ይኼን አንሺልኝ" አሉ፣ ሕንጻውን በጣታቸው እየነኩ።
"በእሱ ፈንታ ምን ላድርግ?"
ዝም አሉ። ከዚያ በስክሪኑ ላይ መተሩ፦
"ከዚህ እስከዚህ ሽምብራ።
እዚህ ጋ ክረምት ክረምት ውኃ ይተኛል።
ይቺ መስኮት ያለችበት፣ የበሬዎቹ በረት።"

መብራት ሄደ።

ማጥፊያው ከእጄ ሥር ነው፤ በሁለት ደቂቃ ሕንጻ የለም።
ነጭ ቀረ። ሽምብራ የሚያበቅል ብሩሽ ግን
ከየትኛው መደርደሪያ ላምጣ?
ማኅተሙ ያለውን ይደግማል እንጂ
የሌለውን አያውቅም።
ጢ... አለ ሳጥኑ። ስድስት ደቂቃ።
ሽማግሌው ነጩን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ፦
"እንዲህስ አይሁን። ባዶ አልነበረም።
መልሺው። ብቻ ራቅ አርጊው፣
ጉም እንደያዘው።"

መለስኩት። ለማደብዘዣው
አንድ ሜኑ ወረድኩ፣ ሁለት፣ ሦስት፤
የገዛ ሥርዓቴን በሆዴ እየረገምኩ።
ጢ ጢ ጢ።
ጠርዙ ሟሟ። መስኮቶቹ እርስ በርስ ገቡ፤
ግራጫ ሆነ፣ ገና ምን እንደሚሆን ያልወሰነ ነገር።
"ቁሚ" አሉ። "እዚህ ላይ።"

ሴቭ።
ጨለማ።

ማታ አትሜ ሰጠኋቸው፣ ሃያ በሠላሳ።
ሳይከራከሩ ከፈሉ፤ በዚያው ሕንጻ ሥር
አልፈው ሄዱ፤ ቀና ብለው አላዩትም።

ረቡዕ ጠዋት፣ ማንም ሳይመጣ፣
ማደብዘዣውን ከጓዳ አወጣሁት፤
ኤፍ ሁለት ባዶዋን ነበረች፣
እዚያ አስቀመጥኩት።