የጠራ ሌሊት

ሙር ሄቨን ከተማ፣ ከሐይቁ ዳርቻ፣
መስከረም ሲጋመስ፣ ሦስት ሆነን ብቻ፤
የአደን ፈቃድ በኪስ፣ ጦር ከነገመዱ፣
ዶይል ሞተር አጥፍቶ፣ ቀዘፈ በክንዱ።
የዶይል አክስት ቨርዴል፣ በጡረታ ወጥታ፣
ከተማሪ ምግብ ቤት፣ ጭልፋዋን ሰቅላ ትታ፣
ከጀልባው አፍንጫ፣ ደረቷን አስጠግታ።
እኔ ባትሪ ያዥ ነኝ፤ ባዳ፣ አዲስ ገቢ፣
ሥራዬ መብራት ነው፣ የትንኝ ቀላቢ።

«ጥሪ» ብላኝ ነበር፣ ሳንድዊች እየገመጠች፣
«ከአፍ ብቻ ከወጣች፣ ለዓሣ ነው የሆነች፤
ከሆድ ካልተነሣች፣ እናት መቼ መጣች?»
ከዚያ የቆዳ ዋጋ፣ የጅራት ዋጋ ቆጠረች።

አሁን ትንፋሽ ዋጠች፤ ጉሮሮዋን ያዘች፤
ከእንቁላል የወጣች፣ የዛሬ ልጅ ሆነች።
እምፍ...
እምፍ...
ከግድግዳ ማዶ እንደ ታፈነ ሳቅ፣
እንደ ሕፃን ስቅታ፣ በጨለማ ሲርቅ።

ቨርዴልም ጠራች፤ ሰማዩም ጠራ፤
ከደንገሉ ሥር፣ ፍም መስሎ ዓይን በራ።
አልቸኮለም ዓይኑ፤ አንድ ክንድ ተጠጋ፣
ቆመ፣ አዳመጠ፤ ይቆያል እስኪነጋ
ስል፣ እሷ ደገመች፣ ቀጠን ሰበር አርጋ።

ያን ጊዜ መጣች።
ውኃውን ሰንጥቃ፣ እንደ ተቆጣ ሰው፣
«ልጄን ማነው እሱ፣ ማነው የሚያስለቅሰው?»
እንደምትል ዓይነት።

ዶይል ጦሩን ሰካ፤ ጀልባው ዘመመ፤
ተንሳፋፊው ኳስ ሰጠመ፣ ብቅ አለ፣ ሰጠመ።
ከዚያ ተኩስ። አንድ። ጭስና ዝምታ።
«ዘጠኝ ጫማ!» አለ ዶይል፣ ላቡ ወርዶ፣ በደስታ።
ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ አፏን በፕላስተር አሰርን፣
ጅራቷ ላይ ቁጥር ያለው ማሰሪያ ቀረቀርን።

እምፍ።

«አክስቴ፣ ተይ በቃ! ሞልቷል የዛሬ ኮታ።»
ቨርዴል ግን ከንፈሯን ገጥማ፣ እጇን ጭኗ ላይ ትታ
ታዳምጥ ነበረች።
እምፍ። ከቄጠማው። እምፍ። ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት፤
ያስመሰለችው ልጅ፣ ነፍስ ዘርቶ መጣባት።
ባትሪውን አጠፋሁ። ለምን እንደሆን እንጃ።
ዶይል ሞተር አስነሣ፣ ድምፁ እንዲሆን መጋረጃ።

ከወደቡ ስንደርስ፣ የሚዛኑ ጌታ
«ማን ጠራ?» አለና፣ ሬሳውን መታ መታ።
ቨርዴል አንጋጠጠች፤ ድምፅዋ ሻክሮ ነበር፤
«የጠራው ሰማይ ነው»
አለች፣ ሌላ ሳትናገር።