በድምፅ ብልጫ

ነሐሴ በገባ በዘጠኝ፣ ካራኬት፣ ከባሕሩ ዳር፣
የአረጋውያኑን ቤት አንሶላ ቆሜ ሳጥፍ ነበር፤
ወይዘሮ ዜሊካ ጠሩኝ፣ «እስቲ ና ወዲህ፣ ልጄ፣
ድስቴን አውርድልኝ ከቁም ሣጥን፣ አይደርስበትም እጄ።»

ድስት? ለምን? እዚህ ቤት ነዋሪው ወጥ አይሠራ!
«ለመብል አይደለም» አሉ፣ «ለጩኸት ነው የዛሬው ሥራ።
ለዐሥራ ሁለት አምስት ጉዳይ አገሩ ሁሉ ይወጣል፣
ክዳን፣ ባልዲ፣ ጥሩምባ፣ የተገኘው ይመታል።
በመርከብ ጭነው የበተኑን ዛሬም ድረስ ካሉ፣
‹ኧረ አልጨረስናቸውም!› እንዲሉ።»

የመርከቦቹን ነገር ከኮሪደሩ ሥዕል አውቃለሁ፣
ፎጣ የሞላ ጋሪ እየገፋሁ በየቀኑ አልፈዋለሁ፤
ቤት ይነዳል፤ አንዲት ሴት ልጇንና ድመቷን ታቅፋለች፤
ከኋላዋ ሸራ፣ በሰንደቁ ላይ ቀይ መስቀል።
ያን መስቀል አይቼ እንዳላየሁ ማለፍ ለምጃለሁ።

አንሶላውን ትቼ ተቀመጥኩ።

«ከተበተነው የተረፈው ሲሰበሰብ ከዘመን በኋላ፣
ጠባቂ ያስፈልገናል አለ፣ ሕዝብ አይቆምም ያለ ጥላ።
ዕጩ ሁለት ነበር፤
መጥምቁ ዮሐንስ፣ የኩቤኮቹ፣ በሰኔ የሚከበር፣
እመቤታችን ደግሞ በፍልሰታዋ፣ ድርቆሽ ሲከመር።
‹ዮሐንስን ብንይዝ› አለ አንዱ፣ ‹ከታላቅ ወንድም እንጠጋለን።›
‹ከተጠጋንማ› አለ ሌላው፣ ‹በታላቅ ጥላ እንጠፋለን።›
ቄስ ከቄስ ተነታረከ፤ በመጨረሻ ድምፅ ተቆጠረ፤
እመቤታችን አለፈች፣ ዮሐንስ ቀረ።»

በሩን እንድዘጋው ጠቆሙኝ።

«የኔ ቅድመ አያት፣ ጀልባ ሠሪው ኦኔዚም፣
እጁን ለዮሐንስ አነሣ፤ አንድ ቀን አልካደም።
መንደር ግን ነገር አያጣም፣ ቃሉን ገልብጦ አወሳ፦
‹በማርያም ላይ› አሉት፣ ‹በማርያም ላይ እጁን አነሣ!›
እስከ እናቴ ድረስ ይህን በሹክሹክታ ነው የያዝነው።»

ሳቄ አመለጠኝ። ታቦት በድምፅ ብልጫ!
እኛ ዘንድ ዕጣ የሚወጣው ለጽዋ ተራ ነው እንጂ።

«የናንተንስ ማን መረጠው?»

አፌን ከፈትኩ። ምን ልበል?
ነፍስ ሳላውቅ በስሙ ስምል፣
እንቅፋት ሲመታኝ ስጠራው፣ እንደ ደም ዓይነት ወረስኩት፤
ከየት መጣ፣ ማን አመጣው ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅሁት።
የልዳ ሰው ነው። አገራችንን በእግሩ ይርገጥ አይርገጥ እንጃ።
ጆርጂያም የኔ ነው ይላል፣ እንግሊዝም የኔ ይላል፤
ሁለት ልጆቹ ቢጣሉ ፈረሱ ለማን ይጫናል?

ከዚያ ነገርኳቸው፣ በሰባራ ፈረንሳይኛዬ፦
ያ የመርከቦቹ መስቀል የጊዮርጊስ ነው፣ የኔው ጠባቂዬ።

ዝም አሉ። ድስቱን ጭናቸው ላይ አዞሩት፣ አዞሩት።
«ፈረሰኛው አይደል?»
ነው።
«ታዲያ ፈረሰኛ መርከብ ላይ ምን ይሠራል?
ሰው ነው የሰቀለው፤ ቅዱስ የት ወጥቶ ይከራከራል?»

ተሽከርካሪ ወንበራቸውን ገፋሁ። ለዐሥራ ሁለት አምስት ጉዳይ።
መንገዱ ሙሉ ባንዲራ፣ በየጥጉ ቢጫ ኮከብ፣ የማርያም፤
የዓሣ ፋብሪካው ሴቶች ከነቦት ጫማቸው፣
አንድ ሕፃን በአባቱ ትከሻ ላይ መጥበሻ ይዞ።
እኔ ጾመኛ ነኝ። እነሱ ፍልሰታዋን ዛሬ በሉት፣
ለኔ ገና ሰባት ቀን ቀራት።
ወይዘሮ ዜሊካ ድስቱን በማንኪያ ደበደቡት፤
ሦስት መሐሉን፣ ከዚያ አንዲት ቀስ ያለች፣ ከጎኑ፦
«ይቺ የኦኔዚም ናት።»

ጎንበስ ብዬ በጆሯቸው፦ ያ የተሸነፈው ዮሐንስ
እኛ አገር ዓመት ከፋች ነው፤ አዲሱ ዓመት በስሙ ይጠራል፣
ከሃያ ሰባት ቀን በኋላ።
«አሸንፏላ!»

ክዳኑን ሰጡኝ። መታሁት።
ለማን እንደሆነ አልጠየቁኝም፤ እኔም ገና አልወሰንኩ።
አንሶላው ሳይታጠፍ አደረ።