ቆሞ የሚያልቅ

በናሪን ከተማ ጥር ሲገባ እንዲህ ነው፤
ምራቅ ከአፍ ወጥቶ፣ ጠጠር ሆኖ ነው የሚያርፈው፤
ወንዙም ከላይ ቆሞ፣ ከሥር ነው የሚሄደው።

ቡሩልቻ መጣች፣ የላም የበግ ሐኪም፤
በእግሯ ነው የመጣች። መኪናዋ አልነሣ ብሏት፣ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆን
እሷም እኔም አናውቅም።

«ባትሪው አዲስ ነው፣ ገና ሦስት ሳምንቱ፤
ሦስተኛዬ ነው ይሄ፣ ባንድ ዓመቱ።
ሻጩ ጀንጊሽቤክ ይምላል በእናቱ፣
‹ብርድ ነው› ይለኛል፣ ‹ብርድ ነው ምክንያቱ።›»

ዓርብ ማታ ደኅና ነው፣ ስታቆመው የሚያጓራ፤
ማክሰኞ፣ ምጥ ለያዛት ጊደር ሲጠሯት ከተራራ፣
ቁልፉን ብታዞረው ትክ፣ ትክ፣ እንደ ሰዓት ቆጠራ።
ጊደሯ ሞተች አሉ፣ ጥጃዋም አብራ።

«ብርድ ያደክማል» አልኳት፣ «ብርድ ግን አይሰርቅም፤
ቆሞ የሚያልቅ ባትሪ ጠጪ አለው። እስኪያዝ ግን፣ ማን እንደሆነ አናውቅም።»

ገፍተን አመጣነው፣ ጎረቤት ተጠርቶ፤
ሱባሩ ነው፣ መሪው በቀኝ፣ ከጃፓን ተጭኖ መጥቶ፤
የፊውዙ ክዳን ላይ ሁሉ ነገር አለ፣
በማናነበው ፊደል ተጽፎ፣ ተዘግቶ።

ሌሊቱን ቻርጅ አድርጌ አሳደርኩት። ጧት፣
የበሩን ጥርስ በካቻቪቴ አታልዬ፣
«ተዘግተሃል» ብዬ፣
ኔጋቲቩን ፈታሁ፤ በገመዱና በባትሪው መሃል
ቴስተሬን ጣልኩ እንደ ኬላ፣
ሳይቆጠር እንዳያልፍ የሚጠጣም፣ የሚበላ።

«ቁልፉንም ውሰጂው፣ ከመኪናው አርቂ፤
ይሄ ነገር አእምሮ አለው፤ እስኪተኛ ጠብቂ።»

መጀመሪያ አራት አምፔር። ደነገጠች። «ገና ነቅቶ ነው» አልኳት።
ከዚያ ሁለት። ከዚያ አንድ።
አርባ ደቂቃ ቆየን፣ ስለ በግ ፈንጣጣ እየነገረችኝ፣
እኔም የገባኝ መስዬ።
ቁጥሩ ቆመ፤ ዜሮ ነጥብ አርባ ሁለት። ንቅንቅ አላለም።
ጤነኛ መኪና ሲተኛ፣ ከሦስት መቶኛ ብዙ አያልፍም።

«ትንሽ ነው» አለች።
«ትንሽ ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤
አንድ ሌሊት አይጎዳሽ፤ አራት ሌሊት በዚህ ብርድ፣ ሞት ነው።»

ፊውዝ መንቀል ጀመርኩ። የሬዲዮው፣ ያው።
መልሼ ሰካሁት። የመስኮቱ፣ ያው። የጥሩምባው፣ ያው።
ጣቶቼን በብብቴ አሙቄ ደገምኩ።
አሥራ አንደኛው ቀይ ነው፣ ፊደሉ ጃንጥላ የሚመስል፤
ስነቅለው ቁጥሩ ወረደ፣ ዘጭ፣ እንደ በግ ከገደል።

ፊውዝ ግን ቤት አያሳይም፤ ሰፈር ነው የሚነግር፤
የጣሪያው መብራት፣ የበሩ መብራት፣ ሰዓቱ፣ ሁሉም ከዚያ መንደር።
ጣሪያው ጨለማ ነው። በሩም ጨለማ። ተቀምጬ ራሴን አከክሁ።

እሷ ከኋላ ሄዳ ቆመች።
«ኤሚልቤክ፣ እዚህ ጋ» አለች፣ የኋላውን ኮፈን እያሳየች፣
«ጧት ጧት በረዶው ይሸሻል፣ ሳህን ታህል ክብ፤
ድመት እያደረችበት ነበር የሚመስለኝ። አዝኜላት
ፍርፋሪ አስቀምጥላት ነበር።»

ፊውዙን መለስኩ። ኮፈኑን ከፈትኩ። አምፖሉ በርቷል።
በርቶ ነው ሁልጊዜ የሚጠብቅህ፤
ከፍተህ ያበራኸው ይመስልሃል።
«ንኪው» አልኳት። ጓንቷን አውልቃ ነካችው፣ እጇን ሰበሰበች፤
በናሪን ሙሉ፣ በዚያ ጧት፣ ከምድጃ ሌላ የሚያቃጥል እሱ ብቻ ነበር።

ጥፋቱ ቁልፉ ላይ፣ የተሰበረች ፕላስቲክ፣ ምስር የምታህል።
ቆርጬ ሠራሁላት፣ ከልጄ የእስክሪብቶ ክዳን።
ሁለት መቶ ሶም ከፈለችኝ፤ ስትከፍል በከንፈሯ ትቆጥር ነበር፦
ሦስት ባትሪ። አንድ ጊደር። አንድ ጥጃ።

ማታ ልተኛ ስል ስልኬ ጮኸ።
«ደኅና ነው መኪናው» አለች። ዝም አለች። መስመሩ ሲያፏጭ ሰማሁት።
«ያን ፍርፋሪ ግን፣ ኤሚልቤክ፣
ማን ነበር የሚበላው?»