ሰም ክፍል

ሥራዬ ምድር ቤት ነው፣ አፉላ፣ ከሆስፒታሉ ሥር፤
ከፎቅ ሥጋ ይወርዳል፣ ምስር አክሎ፣ በብልቃጥ፣ በቁጥር።
ስም አይነግሩኝም፤ እኔም አልጠይቅ።
ውኃውን በአልኮል ቀስ እያልኩ ሳደርቅ፣
ከዚያ የቀለጠ ሰም አጠጣዋለሁ፣
ሲረጋ በምላጭ እገፈዋለሁ፤
ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ሪባን ለብ ባለ ውኃ ላይ ይዘረጋል።
እዚህ ጋ ትንፋሼን እይዛለሁ፦
ባነጥስ የሰው ዕድሜ ይጨማደዳል።

ሰምና ወርቅ ይላል አገሬው፤ ሰሙ ሲቀልጥ ወርቁ ሊታይ።
እኔ ስንት ዓመቴ ሳቀልጥ!
የሚቀረኝ ሮዝና ወይን ጠጅ ነው፣ መስታወት ላይ።

አንባቢዋ ሉድሚላ ናት። ዐይኗን ከማይክሮስኮፑ ሳትነቅል ታወራለች፦
«ነይ እዪ፣ ይኼ ጨጓራ አንጀት መሆን ጀምሯል፤
ዓመት ከዓመት ሲቃጠል የኖረ ቤት የጎረቤቱን መልክ ይለብሳል።»
እስቃለሁ። እናቴ ውዴነሽ ያለችኝ፣
ጸሐፊ በአንድ ብዕር ‹ያፋ› ያደረገኝ፣
የጎረቤት መልክ ስለ መልበስ ምን ይነገረኛል?

ዛሬ ጠዋት ግን አልተናገረችም። ወንበሯን ለቀቀችልኝ።
አጎንብሼ አየሁ፦ ሰፈር የለ፣ ረድፍ የለ፣
አንድ በአንድ የተበተኑ፣ ሆዳቸው በዝልግልግ የተነፋ፣
አስኳላቸው ወደ ዳር የተገፋ።
ቀለበት። ቀለበት። እዚያ ጥግም ቀለበት።
«የማኅተም ቀለበት ይሉታል» አለች፣ «ክፉው ዓይነት።»

ከሰዓት በኋላ ስልክ መጣ ከአራተኛ ፎቅ፦
አስተርጓሚዋ ወልዳለች፣ አማርኛ ማን ያውቃል?
ሊአት የምትባል ልጁ ኮሪደር ላይ ክንዴን ያዘች፦
«ቁስለት በይው። ጨጓራ በይው። በእሱ ቋንቋ ስም አታውጪለት።»

አልጋው ላይ አዛናው፤ ሰባ አንድ ዓመቱ፣
መዶሻ የበላው የአውራ ጣቱ ጥፍር፣
ወገራ ቀጥቃጭ፣ እዚህ የፋብሪካ ዘበኛ የነበር።
የእጁ አምባር ላይ ያቺው ቁጥር።
ጠዋት የገፈፍኩት እሱን ነበር።

ዶክተር ኒዳል በለሆሳስ «ሳርታን» አለ።
ሽማግሌው ቀና ብሎ፣ «ሸርጣን?
የወንዝ ዳሩ? ከድንጋይ ሥር ወጥቶ ወደ ጎን የሚሄደው?»
እኔ አፌን ሳልከፍት ቃሉ ብቻውን ተሻገረ።

ቆይቶ፣ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ፣
«ሆደ ሰፊ ነው ሲሉኝ ኖሩ። ስድብ ሲመጣ፣ ዝም።
ሱዳን በረሃ ላይ ያቺን ሕፃን በእጄ ስቀብር፣ ዝም።
ሁሉን ሆድ ይፍጀው አልኩ።
አልፈጀውም ለካ፤ ቆጥሮ ነው ያስቀመጠው።»

ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ዶክተሩ ያላለውን ነገርኩት፦
«አባ፣ መልኩ ቀለበት ይመስላል። ማኅተም ያለው ቀለበት።»
ሊአት አፏን በእጇ ያዘች።
እሱ ዝም ብሎ ጣቶቹን አያቸው።
«እኔ ማረሻ እንጂ ቀለበት ሠርቼ አላውቅም» አለ።
«አይተሽዋል? ሥራው እንዴት ነው?»

ዶክተሩ «ምን ይላል?» ይለኛል። ዕብራይስጡ ጠፋብኝ።
«ንጹሕ ነው አባ» አልኩ፣ «ንጹሕ ሥራ።»
የቀለበቱን ይሁን የምላጬን አልጠየቀኝም፤
ቀጥቃጭ ለቀጥቃጭ እንደሚያደርገው፣
አንዴ ራሱን ነቀነቀልኝ።