እርማት

ሦስተኛ ከተማዬ ነው፤ አንድ ኮት፣ አምስት ካርቶን።
«ምን ጭነሃል?» አለኝ ሾፌሩ። «መጽሐፍ» አልኩት።
«ሰው ከጅማ ተነሥቶ መጽሐፍ! ምናለ ቡና ቢሆን።»
ሣቅሁለት። ሒሳቡ ላይ ግን እሱ አልሣቀም፤
የካርቶን ብሎ ጨመረ፣ አንድ ብር አልቀነሰም።

ምረቃው አሥር ሰዓት ነው፣ ቸርችል ጎዳና ዳር፣
አዳራሹ በኪራይ፣ ግማሹ ኪራይ በብድር።
ጠዋቱን ለወዳጆቼ ብዬ ነበር የተውኩት፤
በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ስንቱን «መጣሁ» እያልኩ ዋሸሁት።

የወሰንየለህን ቤት ፍለጋ ሽቅብ ወጣሁ ፒያሳ፤
እግሬ መንገዱን ያውቀዋል፣ መንገዱ ግን እግሬን ረሳ።
የእንጨት ደረጃው የለም፤ የወርቅ ቤቱ፣ የልብስ ሰፊው በር፤
አጭር ሣር ተተክሎበታል፣ ገና ሥሩን ያላመነ አፈር።
የብስክሌት መንገድ ተሠምሯል፣ ቀይ፤ ብስክሌት ግን የለበትም፤
አንዲት ሴት ውኃ ታጠጣለች፤ ጠየቅኋት፣ አታውቅም።

ደወልኩለት። «እኛማ» አለ፣ «ወደ ዳር ከወጣን ዓመት አለፈን፤
አምስተኛ ፎቅ ነኝ፤ ውኃ በሳምንት ሁለቴ ነው የሚደርሰን።
አንተ የት ጋ ቆመሃል? ከአዲሱ መብራት ሥር?
እንግዲያው ጓዳችን ውስጥ ነህ፤ ጫማህን አውልቅ በክብር።»
ሣቀ። እኔም። ከዚያ ስልኩን ማናችንም ቶሎ አልዘጋንም።

ንጋቷ አራተኛ ፎቅ ናት፤ ሊፍቱ ከጥቅምት ወዲህ አይሠራም።
«አምስት ገዝቻለሁ!» አለች፤ እኔ ገና ትንፋሼን አላገኘሁም።
ሦስቱን ለአለቆቿ ሰጥታለች፣ አንዱን ለንስሐ አባቷ፤
አምስተኛው ላስቲኩ ሳይቀደድ አለ፤ መነጽሯ ነው ምክንያቷ።
«እስኪ አንተ ንገረኝ» አለች፤ «እኔ ምን ሆኜ ገባሁ?»
«አንቺማ የለሽበትም» ስላት፣ ደስ የሚላት መስሎኝ፣ ጠበቅሁ።
ፊቷ ላይ አንድ መብራት ጠፋ፤
ለካ ሰውን ክፉ ከማለት መዝለሉ ነው የሚከፋ።

አሥር ሰዓት። ስልሳ ወንበር፣ ሃያ ሦስት ሰው፤
ሁለቱ የአዳራሹ ዘበኞች፣ አንዱ ዝናብ ሸሽቶ የገባ ነው።
ገጽ ዘጠና አራትን አነበብኩ፣ ሁሌም የሚያስቀውን፣
የአከራያችንን ልጅ የሠርግ ጫማ አንድ ተማሪ የሰረቀውን።
ጅማ ላይ አስቋል፤ አዳማ ላይ አስጨብጭቧል፤
የልጁን ስም ቀይሬዋለሁ፤ የአገጩ ጠባሳ እንዳለ ተጽፏል።

ቀና ስል ጠባሳውን አየሁት፣ ከኋላ፣ ከመጨረሻው ረድፍ።
ሺበሺ። ማተሚያ ቤት ተቀምጦ የሰው ስሕተት ሲለቅም የኖረ፤
ቀይ እስክሪብቶ ከደረት ኪሱ፣ ከጉልበቱ ላይ መጽሐፍ።

የጥያቄ ሰዓት ሆነ። እጁን አወጣ። ውኃዬን ጨረስኩት።
«ጥያቄ የለኝም» አለ፤ «አንዲት እርማት ናት ያመጣሁት።
የጫማው ቁጥር አርባ ሦስት ተብሏል፤ ስሕተት ነው፣ አርባ አንድ ነበር።
አርባ ሦስትማ የኔ እግር ነው።»
ተቀመጠ። ሌላ የለም ነገር።

ሰዉ ሣቀ። የመድረክ መሪው «እንዲህ ያለ አንባቢ ይስጠን!» አለ።
አርባ አንድ የማን እግር እንደሆነ ከሁለታችን በቀር ማን አለ
የሚያውቅ?

ለፊርማ ተሰለፈ፣ እንደማንም፣ አራተኛ ሆኖ።
«ለማን ልበል?» አልኩት፤ ለሁሉም የምለው ነው፣ ከአፌ አመለጠኝ።
«ለገጽ ዘጠና አራቱ ሰው» አለና ቀዩን እስክሪብቶ ሰጠኝ።
ጻፍኩ። ምን እንደጻፍኩ ለማንም አልናገርም።
ቆሞ አነበበው፤ እስክሪብቶውን ተቀበለኝ፤ አንዲት ፊደል ሰረዘ፤
«ኃጢአት» አለ ቀስ ብሎ፣ «በሃሌታው አይጻፍም፤
በብዙኃኑ ነው።»
መጽሐፉን በጋዜጣ ጠቀለለ፤ ዝናቡ አላባራም።

ማታ፣ ከማረፊያዬ አልጋ ጠርዝ ተቀምጬ፣ ጫማዬን አወለቅሁ።
ቁጥሩ ከሶሉ ላይ ጠፍቷል፤ በመንገድ አልቋል፤ እኔ ግን ዐወቅሁ።
ነገ ሐዋሳ ነው። አራት ካርቶን ቀርቶኛል።
ያንኑ ገጽ አነብ ይሆን? ወይስ ሌላ ይሻለኛል?

ስልኬ ጮኸ፤ ንጋቷ ናት። መነጽር ተውሳ ጀምራለች፤
«ገጽ ሠላሳ ደርሻለሁ» አለች፣
እስካሁን ራሷን እየፈለገች።