አመልካች፦ ትንፋሽ

ከልደታ ፍርድ ቤት፣ ከአጥሩ ጥግ ላይ፣
ጃንጥላ አለችኝ፣ ሰማይ የምታሳይ፤
ሁለት በርጩማ፣ አንዲት የጽሕፈት መኪና፣
«ቀጠሮ» ብዬ ስመታ
«ቀ» ላይ ነክሳ የምትይዝ፣ የምትል «እንደገና»።

ሃያ ሁለት ዓመት፦ የድንበር፣ የቀለብ፣ የውርስ፤
ሰው እያለቀሰ ይነግረኛል፣ እኔ እጽፋለሁ ሳላለቅስ።
«ሆድ ይፍጀው» ብለው የኖሩትን አምጥተው፣
እኔ ሆድ ላይ ጥለው፣ ሦስት ኮፒ አስወጥተው፣
ይሄዳሉ።
የጸሐፊውን ጉዳይ ግን፣ እስቲ የትኛው ችሎት አየው?
ሆዴም፣ እውነት ለመናገር፣ አልፈጀው።

ሲስተር አልጋነሽ፣ ጤና ጣቢያ፣ ክንዴን በጨርቅ አንቃ፣
ነፋችው፣ ለቀቀችው፣ አየችኝ መነጽሯን አውልቃ።
«መቶ ሰባ በመቶ አምስት» አለች፤ የመዝገብ ቁጥር መሰለኝ።
«ክኒኑን ዋጥ። ጨው ቀንስ። በቀን አሥር ደቂቃ ደግሞ
ቁጭ በል፣ ትንፋሽህን እየቆጠርክ።»
«ቁጭ ማለትማ እንጀራዬ ነው» ብዬ ሳቅኩ።
«አንተ ተቀምጠህ» አለች፣ «ልብህ መች ተቀመጠ?
አንተን ወንበር ላይ ትቶ፣ ይኸው እስከ ዛሬ ሮጠ።»

ስድስት ሰዓት። ችሎት ተነሣ። መኪናዋን በፌስታል ሸፈንኩ፣
እጄን ጉልበቴ ላይ፣ ዓይኔን ከደንኩ።
አንድ ብዬ ሳስገባ፣ የቤት ኪራይ አብሮ ገባ፤
ሁለት ብዬ ሳወጣ፣ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» እያለ ወያላው መጣ፤
ሦስት ላይ ባቡሩ ከላይ በድልድዩ አልፎ፣
ቁጥሬን ይዞት ሄደ፣ ከቆመው ሰው ጋር አሰልፎ።
እንደገና አንድ።
«ነገ ተመለስ» እንደተባለ ባለጉዳይ፣
እንደገና አንድ።

ፎቶ ኮፒ የሚያነሳው ወልደሰንበት «ተኛ» ብሎ ሳቀ፤
«ጸሎት ላይ ነው» አለች አንዷ። ምን ላይ እንደሆንኩ ማን አወቀ?

አንድ ቀን፣ ነሐሴ ውስጥ፣ ዝናብ ጃንጥላዬን ሲደበድብ፣
ጥርሴን ነክሼ መኖሬን ድንገት ልብ አልኩ። ለቀቅኩት።
ትከሻዬም ከጆሮዬ ሥር ወረደ፣
ፈረቃው እንዳለቀ ዘበኛ።
ለካ ትንፋሼ፣ ከደረቴ በር፣
ወረቀቱን ይዞ ተራ ይጠብቅ ነበር፣
ስሙን የሚጠራለት አንድ ሰው ሳይኖር።

ሲስተር ዳግም ለካችኝ፦ መቶ አርባ ሁለት።
«ተፈረደልኝ?» ብላት፣ «የለም» አለች፣ «ተቀጠረ»።
ማታ ማታ እንቅልፍ ግን፣ ሳይጠራ መምጣት ጀመረ።

ዛሬ ዓይኔን ስገልጥ፣ ሁለተኛው በርጩማ ላይ
ዘርትሁን። ያቺ፣ የቀለብ ጉዳይ።
ስትጠብቀኝ ስትጠብቀኝ፣ እሷም ዓይኗን ከድና፣
ደረቷ ላይ የያዘችው ወረቀት
ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል።
የእኔ አሥር ደቂቃ አልቋል። ከኋላዋ ሦስት ሰው ቆሟል።
አልቀሰቀስኳትም።
መኪናዋ በፌስታሏ፣ እኔም በቦታዬ፣
የሷን ቆጠርኩላት፣ ከራሴ አስከትዬ፤
አንድ።
ሁለት።